የመርፌና የክር ጥያቄዎቻችሁ፦ ቀለም የለቀቀ ጥለት፣ የተበተበ ክር፣ የእናት ጋቢ

እንዴት ከረማችሁ? ደብረ ማርቆስ ብርዱ በርትቷል። ጠዋት ጠዋት ከጮቄ በኩል የሚወርደው ነፋስ ጣት ያደነዝዛል። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ለማስገባት መጀመሪያ እጄን በቡና ስኒ ማሞቅ አለብኝ። ደብዳቤዎቻችሁን ግን አንድም ሳልዘል አንብቤአለሁ። መስኮቱ ስር፣ መርገጫ ያላት አሮጌ ስፌት መኪናዬ ላይ ዘርግቼ ነው የማነባቸው። ዛሬ መልስ የማይቆይላቸውን አስቀድሜአለሁ።

«እትዬ፣ ለጥምቀት ያሠራሁት ነጭ የሀበሻ ቀሚስ በመጀመሪያው አጠባ ቀይ ጥለቱ ለቀቀና ነጩ ሮዝ ሆነ። ጎረቤቴ በረኪና ጨምሪበት አለችኝ። ልጨምር?» (ከቡሬ)

እባክሽ አትጨምሪ። በረኪና ሮዙን ሲያነሳ ጥለቱንም ይዞት ይሄዳል፤ የጥጡን ክር ደግሞ ያሳሳዋል። ዛሬ የጸዳ ይመስልሻል፣ በሦስተኛው አጠባ ጨርቁ በእጅሽ ይቀደዳል።

ቀሚሱ ገና እርጥብ ከሆነ ዕድለኛ ነሽ። ፀሐይ ላይ አታስጪው፣ ካውያም አታስነኪው፤ ሙቀት ቀለሙን ያጣብቀዋል። ትልቅ ሳፋ ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ የዱቄት ሳሙና ጨምሪና ዘፍዝፊው። ውሃው መብዛት አለበት። ትንሽ ውሃ ውስጥ ከሆነ የለቀቀው ቀለም መሄጃ አጥቶ ተመልሶ ነጩ ላይ ያርፋል። ውሃው ሮዝ በሆነ ቁጥር ድፊና ቀይሪ፤ ጥርት ብሎ እስኪወርድ ድረስ። ከደረቀ በኋላም ቢሆን ይኸንኑ ሞክሪ፣ ግን ያኔ ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል።

ብዙ ሰው ሆምጣጤና ጨው ቀለም ይይዛል ይላል። የጥጥ ቀለም በሆምጣጤ አይያዝም፣ አትድከሚ። ወደፊት አዲስ ልብስ ስትገዢ ነጭ ጨርቅ በውሃ አርሰሽ ጥለቱ ላይ ጫን አድርገሽ እሺው። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ቀሚሱም ይለቃል ማለት ነው።

«እትዬ፣ 24 ዓመቴ ነው። ያገለገለች የእግር ሲንጀር ስፌት መኪና ገዛሁ። ስሰፋ ከላይ ያምራል፣ ስገለብጠው ከስር ክሩ ተበታትቦ እንደ ጸጉር ተከምሯል። የስሩን ክር አስር ጊዜ ፈትቼ ጠቀለልኩት። ማሽኗ ተበላሽታ ይሆን የሸጡልኝ?» (ከባሕር ዳር)

ማሽኗን ገና አትውቀሻት፣ ልጄ። ክር ከስር ሲተበተብ ሁላችንም የምንሄደው ወደ ስሩ ክር ነው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው።

መወጠሪያዋን አስተውለሽ እያት። ሁለት ትንንሽ ክብ ሳህኖች ተጣብቀው ታያለሽ፤ የላይኛው ክር በነሱ መሐል ነው የሚያልፈው። ክሩ እመሐላቸው በደንብ ካልገባ የሚይዘው የለም። መርፌዋ ስትወርድ ክሩ እንደ ልቡ ይከተላታል፣ ስትመለስ ግን የሚስበው ስለሌለ እዚያው ከስር ይቀራል። አንቺ የምታይው ክምር እሱ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ጨርቁን የሚጫነውን እግር ወደ ላይ አንሺው። እግሩ ሲነሳ ሳህኖቹ ይላላሉ። ያኔ ክሩን አስገቢ። ቀጥሎ እግሩን ዝቅ አድርጊና ክሩን በጣትሽ ሳቢው። ያዝ ካደረገሽ ገብቷል። እንደ ልብ ከመጣልሽ አልገባም፣ ድገሚው። እግሩን ሳያነሱ ክር ማስገባት የጀማሪ ሁሉ ስህተት ነው።

ሁለተኛው መርፌዋ ናት። መርፌ ስታወጪ በጥፍርሽ ዳስሻት። አናቷ ላይ በአንድ ጎን ጠፍጣፋ ናት። በተቃራኒው ጎን ደግሞ ከላይ እስከ ቀዳዳዋ የሚወርድ ቦይ አላት። ክሩ የሚገባው ሁልጊዜ በቦዩ በኩል ነው፤ ሲወርድ የሚተኛው እዚያ ውስጥ ነውና። መርፌዋ ዞራ ከተሰካች ማሽኗ ወይ ትዘላለች ወይ ክር ትበጥሳለች። ደግሞ ከማሽኗ ጋር የመጣችውን መርፌ ጣያት። ስንት ዓመት እንደሠራች ማን ያውቃል? ለተራ የጥጥ ጨርቅ 80 ወይም 90 ቁጥር ያላት አዲስ መርፌ ግዢ። ለጂንስና ለካኪ 100 ይሻላል።

ስትጀምሪ የሁለቱንም ክር ጫፍ ወደ ኋላ ይዘሽ ሦስት አራት ጊዜ አስረግጪ። ከዚያ ልቀቂው።

መርገጫውን ካልለመድሽው ደግሞ መዘውሩ፣ በማሽኗ ቀኝ ያለው ክቡ፣ ወደ ኋላ እየዞረብሽ ይሆናል፤ ያኔም ክሩ ይተበተባል። መዘውሩ የላይኛው ጫፉ ወዳንቺ እየመጣ ነው መዞር ያለበት። እኔ ሴቶችን ሳስተምር መጀመሪያ ክር አልሰጥም። መስመር ያለው የደብተር ወረቀት እሰጣቸዋለሁ። ያለ ክር፣ በመርፌ ብቻ፣ መስመሩን እየተከተሉ ይወጋሉ። ሦስት ቀን እንዲህ ያደረገች ሰው እግሯና እጇ ይግባባል። ለነገሩ ቺንጋው፣ መርገጫውን ከመዘውሩ የሚያገናኘው ጠፍር፣ ላልቶ ከሆነም ማሽኗ ትንሸራተታለች፣ እሱንም እይው። ዘይት ስታደርጊ የስፌት መኪና ዘይት ብቻ። የምግብ ዘይት ውሎ ሲያድር ሙጫ ይሆናል።

ይህን ሁሉ አድርገሽ እምቢ ካለች፣ ያኔ መካኒክ ጋ ውሰጃት።

«ለልጄ ምርቃት ቀሚስ ልሰፋላት ነው። ሸማኔው ጨርቁን ትናንት አስረከበኝ። ታጥቦ ይሰፋ ወይስ ተሰፍቶ ይታጠብ? ካጠብኩት ወዙ ይጠፋል ብዬ ሰጋሁ።» (ከቢቸና)

እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ታጥቦ ይሰፋ።

ይህን የምልሽ ከፍዬበት ነው። የእህቴ ልጅ ስታገባ የመልሱን ቀሚስ እኔ ነበርኩ የሰፋሁት። ጨርቁ ከሸማኔ እጅ እንደወጣ ነጭ፣ ንጹሕ፣ የሚያሳሳ ነበር። እንዳንቺው ሰጋሁና ሳላጥብ ቆረጥኩ። ልኩ ልክ መጣ፣ መሬት ጠረገ። ከሰርጉ በኋላ ታጠበና ደረቀ። በሚቀጥለው በዓል ለብሳው ስትመጣ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ወጥቷል። ልጅቱ ምንም አላለችኝም። እኔ ግን እስከዛሬ ያቺን ቀሚስ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ጠርዙ ላይ ነው የሚያርፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽመና ላይ ድሩ፣ በቁመት የሚዘረጋው ክር፣ ተወጥሮ ነው የሚቆየው። ጨርቁ ሲወርድም ውጥረቱ ውስጡ ይቀራል። ውሃ ሲነካው ክሩ ይለቅና ወደ ተፈጥሮው ይሰበሰባል። በተለይ ማጉ፣ በወርድ የሚገባው ክር፣ የእጅ ፈትል ከሆነ ስፋቱም ይሰበሰባል።

ምን ያህል እንደሚገባ ራስሽ መለካት ትችያለሽ። ጨርቁ ላይ በቀለማም ክር 50 ሴንቲ ሜትር ምልክት አድርጊ፣ አንዱን በቁመቱ፣ አንዱን በወርዱ። ከታጠበና ከደረቀ በኋላ መልሰሽ ለኪ። እኔ ባለፈው የለካሁት 50ው 47 ሆኖ ነው ያገኘሁት። ሦስት ሴንቲ ምናለ አትበይ። በ3 ሜትር ላይ 18 ሴንቲ ነው፣ አንድ ስንዝር ማለት ነው።

አጠባው ቀላል ነው። መጀመሪያ የተቆረጡትን ጫፎች ወስውሻቸው፤ አለዚያ ክሩ ይረግፋል። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ያለ ሳሙና፣ ዘፍዝፈሽ አሳድሪው። ጥለቱ ቀለም የሚለቅ መሆኑን ግን ከላይ ለቡሬዋ እህት እንዳልኩት አስቀድመሽ ሞክሪ። ስታወጪው አትጠምዝዢው። በእጅሽ ጫን እያደረግሽ ውሃውን አስወጪና ጥላ ላይ ስቀይው። እርጥበቱ ሙሉ በሙሉ ሳይለቀው ተኩሺው። ወዙ የትም አይሄድም፣ እንዲያውም ክሩ ተጠጋግቶ ጨርቁ ይሞላል።

ጥለቱ ሙካሽ፣ ያ የሚያብለጨልጨው የብረት ክር፣ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ሙካሽ ውሃ ሲያገኘው ይጠቁራል። እሱን አትዘፍዝፊ።

ስትሰፊ ደግሞ ለስፌት 2 ሴንቲ ተይለት። የሸማ ሽመና ሳሳ ያለ ነው፣ ጠባብ ስፌት ይተረተራል። ማሽኑ ጨርቁን ወደ ታች እየዋጠ ካስቸገረሽ ከስሩ ስስ ወረቀት አንጥፊና አብረሽ ስፊው። ሲያልቅ ወረቀቱን ቀስ ብለሽ ቅደጂው፣ ይወጣል።

«እትዬ፣ ሦስት ልጆቼን ለብቻዬ ነው የማሳድገው። ትንሹ ትምህርት ቤት የባህል ቀን አለብኝ ብሎ አረንጓዴ ቁምጣ ይፈልጋል። እኔው በእጄ ልሰፋለት አስቤ ሰው ይስቅብኛል ብዬ ፈራሁ።» (ከዳንግላ)

ማን ይስቃል፣ ወንድሜ? ገበያ ውስጥ መኪና ዘርግቶ የሚሰፋው ወንድ ነው። ሸማኔውም ወንድ ነው። አባቶቻችን የለበሱትን ያንን አረንጓዴ ቁምጣ የሰፋላቸውም ያው ሰፊ ነው። ደግሞ አባት ለልጁ ሲሰፋ የሚያይ ሰው ልቡ ይሞላል እንጂ አይስቅም።

ወፈር ያለ የካኪ ጨርቅ ግዛ። የልጁን አሮጌ ቁምጣ ተርትረህ እንደ ልኬት ተጠቀምበት፣ ዙሪያውን 2 ሴንቲ ጨምር። ሁለቱ እግሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ደራርበህ ስፋ፤ ልጅ ሲዘል መጀመሪያ የሚተረተረው እዚያ ነው። ታች ጠርዙን 4 ሴንቲ አጥፈህ ዘምዝም። ለከርሞ ትለቀዋለህ።

«አራስ ነኝ። እናቴ እኔን ያዘለችበት የቆዳ አንቀልባ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በጨርቅ አስመስዬ መስፋት እችላለሁ? ክሩ ይችል ይሆን?» (ከሞጣ)

እንኳን ማርያም ማረችሽ። ትችያለሽ፣ ግን ይህኛው ስፌት ለዓይን የሚሰፋ አይደለም። ልጅ ነው የሚንጠለጠልበት።

ጨርቁ የማይለጠጥ ይሁን። ጂንስ፣ ሸራ ወይም ወፍራም ካኪ፣ ሁለት ድርብ። የልጅቷን ሰውነት የሚነካው የውስጡ ገበር ለስላሳ ጥጥ ይሁንላት። ክሩ ግን የጥጥ አይሁን። የጥጥ ክር በላብና በእጥበት ይደክማል። ጠንካራ የፖሊስተር ክር ግዢ፣ መርፌው 100 ቁጥር።

ዋናው ነገር ማሰሪያው ነው። ብዙ ሰው የማሰሪያውን ጫፍ ጠርዙ ላይ ብቻ ይሰፋዋል። እንደሱ አይሆንም። ማሰሪያው ወደ አንቀልባው ሆድ ውስጥ ቢያንስ 10 ሴንቲ ይግባ፣ በሁለቱ ጨርቆች መሐል። ከዚያ ዙሪያውን በአራት ማዕዘን ስፊው፣ በውስጡ ደግሞ ከጥግ ወደ ጥግ በመስቀለኛ ስፊ። እንደገና በዚያው ላይ ድገሚው። ክብደቱ አንድ መስመር ላይ ሳይሆን በሙሉ ያርፋል።

ልጅቱን ሳታስገቢ ጤፍ አዝይበት። 20 ኪሎ ጤፍ በከረጢት አድርገሽ አንጠልጥይውና አሳድሪው። ጠዋት ስፌቱን በጣትሽ እየዳበስሽ እይ። ቀዳዳዎቹ ከተከፈቱ ወይም ክሩ ካመለጠ ተርትሪና እንደገና። በየጊዜውም ስታጥቢው እይው። አንገቷ ሳይጠና ጀርባሽ ላይ አትዘያት፣ ፊቷንም ጨርቅ አይሸፍናት። ከእናትሽ አንቀልባ ላይ ዛጎሎቹ ከተረፉ አውጥተሽ አዲሱ ላይ ስፊያቸው። አፏ በማይደርስበት በውጭ በኩል ይሁን፣ በጠንካራ ክር።

«እትዬ፣ እናቴ ካረፈች ዓመት ሞላት። ጥጡን ራሷ ፈትላ ያሠራችው ጋቢ አለኝ። መሐሉ ሳስቷል፣ ሁለት ቦታ ተበስቷል። እህቶቼ ቆርጠን ለልጆች እንከፋፈለው ይላሉ። እኔ መቀስ ላስነካው አልቻልኩም። ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ እሱም ልቤን አላሳረፈውም። ምን ትይኛለሽ?» (ከፍኖተ ሰላም)

እናትሽን ነፍስ ይማር። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የእኔም እናት ፈታይ ነበረች። እራት በልተን እንስራው ተሞልቶ ሁሉ ነገር ጸጥ ሲል ባዘቶዋን ይዛ ኩራዙ አጠገብ ትቀመጣለች። እንዝርቱን ታፋዋ ላይ ሽር ታደርገዋለች፣ ክሩ ከእጇ ላይ እየረዘመ ይወርዳል። እኛ ልጆቹ ቀን ጥጡን ስንዳምጥ፣ ፍሬውን ስናወጣ ውለን ደክሞን ስለነበር በዚያች ድምፅ ነበር እንቅልፍ የሚወስደን። ልቃቂቱ በእንቅብ እየተደረደረ በጋውን ሙሉ ይጠራቀማል። ጎረቤት ሴቶች ክር አይተው የማን እጅ እንደሆነ ያውቁ ነበር። የእናቴ ክር ቀጭን ሆኖ አልፎ አልፎ ቋጠሮ ነበረው። ዛሬም ጋቢዋን በጣቴ ስዳብስ ያንን ቋጠሮ አገኘዋለሁ። ስለዚህ መቀሱን ለምን እንደፈራሽው ገብቶኛል።

ግን ሳጥን ውስጥም አትተይው። ጥጥ በአንድ እጥፋት ብዙ ዓመት ሲቀመጥ እጥፋቱ ላይ ይሳሳል። እርጥበት ያሻግተዋል፣ አይጥም አለ። ጋቢ ሲለበስ ነው ዕድሜው የሚረዝም።

መቁረጥም አያስፈልግሽም። እኛ ቤት በ1950ዎቹ የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አንሶላ ነበረ። መሐሉ ሲሳሳ እናቴ አትጥለውም። መሐል ለመሐል ትቀደውና ዳርና ዳሩን አምጥታ ታጋጥመዋለች። የሳሳው ወደ ዳር ይወጣል፣ ያልተነካው ዳር መሐል ይሆናል። ያንቺም ጋቢ ከሁለት ወርድ የተጋጠመ ከሆነ ቀድሞውኑ መሐሉ ላይ ስፌት አለልሽ። መቅደድም የለም፣ መተርተር ብቻ ነው።

መጀመሪያ ቀን ብርሃን ወዳለበት መስኮት ወስደሽ ዘርጊው። ብርሃን የሚያሳልፈውን ቦታ ሁሉ ዙሪያውን በቀለማም ክር ምልክት አድርጊ። የሳሳው መገጣጠሚያው አጠገብ ከሆነ ይህ ዘዴ ይሠራል።

ከመተርተርሽ በፊት ንጣፎቹን ወስውሻቸው። ጋቢ አራት ንጣፍ ነው፣ መሐሉ ሲፈታ እያንዳንዱ ወደየራሱ ይንሸራተታል። በረጃጅሙ፣ በየስንዝሩ፣ ከላይ እስከ ታች። ከዚያ የመሐሉን ስፌት በትንሽ መቀስ ጫፍ አንድ በአንድ ፍቺው። አትሳቢው።

አሁን ቀኙንና ግራውን አቀያይሪ። የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ። አትገልብጪያቸው። ዳር የነበሩት ሁለቱ ጠርዞች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። መያዝ የምትጀምሪው ከጥለቱ ነው። ሁለቱ ጥለቶች በአንድ መስመር ካልገጠሙ ጋቢው ዕድሜውን ሙሉ ጠማማ ይመስላል። በሁለቱም ጫፍ ጥለቱን ግጠሚና በስፒል ያዢ፣ ከዚያ ወደ መሐል ሂጂ።

መጋጠሚያውን በእጅ ስፊው፣ ማሽን ላይ አትውሰጂው። ጠርዝ ከጠርዝ ጋር፣ ሳይደራረብ፣ ጥቃቅን አድርገሽ። ክሩን አትወጥሪው። የሚሰፋበትም የጥጥ ክር ይሁን። ናይሎን ጠንካራ ነው ብለሽ እንዳትሸወጂ፤ አሮጌ ጥጥ ላይ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ወደ ዳር የወጣውን የሳሳ ክፍል ወደ ውስጥ አጥፈሽ ዘምዝሚው። ጋቢው ከሁለቱም ጎን አራት አራት ጣት ይጠባል፣ ቁመቱና ጥለቱ ግን እንዳለ ነው።

እህቶችሽ ቅር እንዳይላቸው ጋቢው በየተራ ይሂድ። አንዱን ክረምት አንቺ ጋ፣ አንዱን ታላቅሽ ጋ። ይሄ የእኔ ሐሳብ ነው፣ እናንተ ታውቃላችሁ።

ቀሪው የተበሱት ሁለቱ ቦታዎች ናቸው። ገበያ ወርደሽ ነጭ ክር አትፈልጊ። የሱቅ ክር ይንጣል፣ ያብረቀርቃል፣ ከሩቅ ይታያል። ክሩ እዚያው ጋቢው ላይ አለልሽ። በጫፉ በኩል፣ ዘርፉ የሚጀምርበት ቦታ ላይ፣ የመጨረሻውን ማግ በመርፌ ጫፍ ብቅ አድርጊው። ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያልሽ አውጪው። ዘርፉ አንዲት ክር ያህል ይረዝማል፣ ማንም አያውቅም። ያ ክር እናትሽ የፈተለችው ነው። ሁለት ሦስቱ ይበቃሻል። ትልቅ ቀዳዳ ባለው መርፌ አስገቢውና ቀዳዳው ላይ መጀመሪያ በቁመት ዘርጊ፣ ከዚያ በወርድ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፍሽ ጥቀሚው። ክሩ የእጅ ፈትል ስለሆነ ሲጎትቱት ይላላል። ስለዚህ አጭር አጭር አድርጊው፣ ከክንድ አይብለጥ።